ማንኪያና ጉርሻ

ለሦስተኛ ጊዜ ቀጠሮ በሰረዝኩባት ሳምንት ጓደኛዬ አንድ ጽሑፍ ላከችልኝ። «አንብቢው፣ ስላንቺ የተጻፈ ነው የሚመስለው» ይላል መልእክቷ። «አሞኝ ነው» ባልኳት ቁጥር «እሺ» ትለኛለች፤ ግን እሺታዋ ውስጥ ያልተጠየቀ ጥያቄ ነበረበት። ትናንት አብራት ስትስቅ ያመሸች ልጅ ዛሬ ጠዋት ደረጃ መውረድ አቃተኝ ስትል ማን ያምናል? እውነት ለመናገር እኔም አንዳንዴ ራሴን እጠራጠራለሁ።

ጽሑፉ ክሪስቲን ሚዘራንዲኖ የተባለች አሜሪካዊት እ.ኤ.አ. በ2003 ያወጣችው ነው። በአማርኛ «የማንኪያ ቲዎሪ» ብንለው ያስኬዳል። ታሪኩ ቀላል ነው። ጸሐፊዋ ሉፐስ አለባት፤ የሰውነት መከላከያ ዞሮ የራሱን ሰውነት የሚያጠቃበት በሽታ ነው። ከጓደኛዋ ጋር ምግብ ቤት ተቀምጠው ሳለ፣ ጓደኛዋ መታመም ምን እንደሚመስል ትጠይቃታለች። የመድኃኒቱን ስም ሳይሆን ስሜቱን ማለቷ ነው። ሚዘራንዲኖ መልስ ሲያጥራት ካሉበት ጠረጴዛና ከሌሎቹም ማንኪያ ትሰበስብና ጓደኛዋ እጅ ላይ ታስቀምጣለች። ሲቆጠር 12 ሆነ። ከዚያ ቀኗን አንድ በአንድ እንድትዘረዝር ታደርጋታለች። ለእያንዳንዱ ሥራ ማንኪያ ይወሰድባታል። መታጠብም፣ መልበስም፣ መንገድም ዋጋ አለው። ጓደኛዋ ጥቂት እንዲጨመርላት ስትጠይቅ አይቻልም ትባላለች። ቀኑ ሳያልቅ ማንኪያው ያልቃል።

መጀመሪያ የሚገባውን ምስጋና ልስጠው። ይህ ጽሑፍ ከሃያ ዓመት በላይ ከሰው ወደ ሰው ሲተላለፍ የኖረው በከንቱ አይደለም። ሥር የሰደደ ሕመም ያለበት ወጣት ችግሩ ሕመሙ ብቻ አይደለም፤ የማይታይ መሆኑም ነው። ጀሶ የለም፣ ፋሻ የለም፣ ምርኩዝ የለም። «ደክሞኛል» የሚለውን ቃል ደግሞ ሁሉም ሰው ስለሚጠቀምበት ምንም አይነግርም። ማንኪያ ግን ይቆጠራል፤ ሲያልቅ እጅ ባዶ መሆኑ ይታያል። ለ«እምቢ» ቁጥር ሰጠው። በእንግሊዝኛው ዓለም ራሳቸውን «ስፑኒ» ብለው የሚጠሩ ብዙ ሕመምተኞች አሉ፤ አንድ ጽሑፍ ለማይተዋወቁ ሰዎች የጋራ ስም ከሰጠ ትልቅ ሥራ ሠርቷል።

እኔም አምኜበት ነበር፤ ከማመንም አልፌ ኮድ ጻፍኩለት። ሥራዬ ሶፍትዌር ነው፤ ውስን ነገር መመደብ የዕለት እንጀራዬ ነው። ስልኬ ላይ ትንሽ አፕ ሠራሁ። ጠዋት 12 ብሎ ይጀምራል፣ ለታክሲ ሰልፍ፣ ለስብሰባ፣ ለልብስ ማጠብ ይቀንሳል። ሁለት ወር ሙሉ በትጋት መዘገብኩ። ከዚያ ዳታውን ዘርግቼ ሳየው ምንም አልገባኝም። ቁጥሩ ዜሮ ሳይደርስ አልጋ የያዝኩባቸው ቀናት አሉ፤ ከዜሮ በታች ወርጄ በደህና ያመሸሁባቸውም አሉ። ይባስ ብሎ ማንኪያ ላለማውጣት ሶፋ ላይ ተጋድሜ የዋልኩባቸው ቀናት ማግስታቸው ከሁሉም የከፋ ነበር። ለብዙ ቀን ስህተቱ ኮዴ ውስጥ ያለ መስሎኝ ፈለግሁ። ስህተቱ ግን ዘይቤው ውስጥ ነበር።

የኔ በሽታ ሉፐስ ሳይሆን ሩማቶይድ አርትራይተስ ነው። ሁለቱ ዘመዳሞች ናቸው። በኔ ሰውነት መከላከያው እንደ ጠላት ያየው የመገጣጠሚያውን ውስጠኛ ሽፋን ነው። ሽፋኑ ያብጣል፤ ዝም ከተባለ ልም አጥንቱንና አጥንቱን ራሱን ይበላል። ብዙ ጊዜ ከትንንሾቹ መገጣጠሚያዎች ይጀምራል፤ ከጣት፣ ከእጅ አንጓ፣ ከእግር ጣቶች ሥር፣ በአብዛኛው በሁለቱም ጎን። ሴቶችን ከወንዶች ሁለትና ሦስት እጥፍ ያህል ይይዛል። የሽማግሌ በሽታ ይምሰል እንጂ በየትኛውም ዕድሜ ሊጀምር ይችላል። እኔን የጀመረኝ በ25 ዓመቴ ነው።

ዋናው ምልክቱ ጠዋት ላይ ነው። ስነቃ እጄ ግትር ብሎ ያድራል፤ ውሃ ነክቶት የደረቀ የቆዳ ጓንት የለበስኩ ነው የሚመስለኝ። ይህ አንድ ሰዓት፣ አንዳንዴም ከዚያ በላይ ይቆያል። ሙቅ ውሃ ውስጥ ስነክረው፣ ጣቶቼን ሳጥፍና ስዘረጋ ቀስ እያለ ይላላል። በዕድሜ ብዛት መገጣጠሚያው ያለቀበት ሰው ሲንቀሳቀስ ይብስበታል፣ ሲያርፍ ይሻለዋል። የኔ ዓይነቱ ግን ተገላቢጦሽ ነው፤ በዕረፍት ይደርቃል፣ በእንቅስቃሴ ይፈታል። ሐኪሞች ያለ ልክ አትልፉ እንደሚሉት ሁሉ ያለ ልክ አትተኙም የሚሉት ለዚህ ነው።

አሁን ወደ ማንኪያው እንመለስ። በማንኪያ ሂሳብ እያንዳንዱ እንቅስቃሴ ወጪ ነው። መደመር የሚባል ነገር የለም። ሚዘራንዲኖ ከነገው መበደር እንደሚቻል ትናገራለች፤ ግን ብድርም ያው ወጪ ነው። በኔ ሰውነት ግን ጠዋት የሃያ ደቂቃ እርምጃ ማንኪያ ወስዶ ሁለት ሊመልስ ይችላል፤ የሃምሳ ደቂቃ እርምጃ ደግሞ የሳምንቱን ሊጨርስ ይችላል። ድንበሩ የቱ ጋ እንደሆነ የማውቀው ካለፍኩት በኋላ ነው። ጽሑፉ ጠዋት ተነስተሽ ቆጥረሽ ትጀምሪያለሽ ይላል። እኔ ግን የምቆጥረው ማታ ነው፣ ያውም በግምት። ለሉፐስ ድካም የተጻፈን ዘይቤ ለሁሉም ሕመም መመሪያ ያደረግነው እኛ አንባቢዎች ስለሆንን ጥፋቱን ሁሉ በጸሐፊዋ ላይ አልጭንም። ግን ልብ በሉ፦ አንድ ዘይቤ ሲያጽናና የኖረ መሆኑ ትክክል መመሪያ አያደርገውም። እኔን ሶፋ ላይ ያስተኛኝ እሱ ነው።

ቆጠራ ከማንኪያም ውጭ አለ። ሐኪም ቤት ስሄድ ዳስ 28 በሚባል መለኪያ መገጣጠሚያዎቼ ይቆጠራሉ። ሐኪሙ ትከሻን፣ ክርንን፣ የእጅ አንጓን፣ የጣቶችን መገጣጠሚያና ጉልበትን አንድ በአንድ ይጫናል። ድምሩ 28 ነው። ስንቱ አብጧል፣ ስንቱ ሲነካ ያማል፣ የደም ምርመራው ምን ይላል፣ አንቺስ ራስሽን እንዴት ታይዋለሽ ተብሎ አንድ ቁጥር ይወጣል። ጠቃሚ ቁጥር ነው፤ መድኃኒት ይጨመር ወይስ ይቀየር ለሚለው ይረዳል። ግን እግር በ28ቱ ውስጥ የለም። ቁርጭምጭሚትም፣ የእግር ጣቶች ሥርም አይቆጠሩም። ጥሩ ሐኪም ጫማሽን አውልቂ ብሎ ያያቸዋል፤ ድምሩ ውስጥ ግን አይገቡም። ቁጥሬ ባማረበት ቀን ጠጠር የምረግጥ እየመሰለኝ ከክሊኒክ ወጥቼ አውቃለሁ። ማንኪያም ሆነ ዳስ 28፣ መቁጠር ማለት የማይቆጠረውን መምረጥም ነው።

ቁጥር ካልሆነ ቃልስ? ቨርጂኒያ ዉልፍ እ.ኤ.አ. በ1926 ስለ መታመም በጻፈችው ድርሰት፣ እንግሊዝኛ ለፍቅርና ለትልቅ ሐዘን ቃል ሞልቶት ለሕመም ግን ደሀ ነው ብላ ታማርራለች። አማርኛ ብትሰማ ምን ትል ነበር? እኛ ጋ ራስ ይፈልጣል፤ ፍልጠት ነው። ጎን ይወጋል፤ ውጋት ነው። ሆድ ይቆርጣል፤ ቁርጠት ነው። ቁስል ይጠዘጥዛል። መገጣጠሚያ ደግሞ ይቆረጥማል፤ ቁርጥማት ነው። እንጨት የሚፈለጥበት፣ በጦር የሚወጋበት፣ ቆሎ የሚቆረጠምበት ግስ ሁሉ ሰውነት ላይ ይሠራል። ቁርጥማት የሚለውን ቃል አንድ ቀን ዝም ብዬ ሳዳምጠው ደነገጥኩ። አጥንቴን እንደ ቆሎ የሚቆረጥም ጥርስ አለ ማለት እኮ ነው። መከላከያው አጥንቱን ይበላል ብሎ ሐኪሙ ከማስረዳቱ በፊት ቃሉ ነግሮኛል።

ሰዋስዉም አለ። «እጄን አመመኝ» እንላለን። አስተውሉት፦ እጄ ባለቤት አይደለም፣ እኔም ባለቤት አይደለሁም። ሁለታችንም ተደራጊዎች ነን። አድራጊው ስሙ የማይጠራ አንድ «እሱ» ነው። ራበኝ፣ ጠማኝ፣ በረደኝ፣ አመመኝ፤ ሁሉም እንደዚያ ናቸው። በኮድ ቋንቋ፣ ማን እንደጠራው የማይታወቅ ፋንክሽን እኔ ላይ እየሠራ ነው። ይህ ለኔ ትልቅ ነፃነት ነው። ማንኪያውን በሚገባ ያልቆጠብኩት እኔ ነኝ ከሚል ጸጸት ያወጣኛል። በማንኪያ ዓለም ማታ ባዶ እጄን ብቀር ያላግባብ ያወጣሁት እኔ ነኝ። በአማርኛ ግን አመመኝ፤ በቃ። አድራጊው እኔ አይደለሁም።

ሱዛን ሶንታግ እ.ኤ.አ. በ1978 ባሳተመችው መጽሐፍ፣ በሽታን በዘይቤ መጠቅለል በሽተኛውን ይጎዳል፣ በሽታን ከዘይቤ አራቁቶ ማየት ይሻላል ስትል ትከራከራለች። የምትናገረው ስለ ሳንባ ነቀርሳና ስለ ካንሰር ነበር፤ ብዙው እውነት ነው። ግን በአማርኛ ለማሰብ የሚሞክር ሰው ዘይቤውን ከየት ያራቁተዋል? ቁርጥማት ከሚለው ቃል ውስጥ መቆርጠሙን ብታወጡት የሚቀር ነገር የለም። ስለዚህ ለኔ ጥያቄው ዘይቤ ይኑር አይኑር አይደለም። ዘይቤው የሚሰማኝን ሰው ምን እንዲያደርግ ይጠይቀዋል? ይሄ ነው ጥያቄው።

ደግሞም ቃል ሞልቶ መትረፉ ብቻውን አያድንም። ቁርጥማት ዕድሜ ያለው ቃል ነው፤ ነጠላ ለብሶ፣ ፀሐይ ላይ ተቀምጦ ነው የምናውቀው። የሃያ ስምንት ዓመት ልጅ «ቁርጥማት አለብኝ» ስትል ሰው ይስቃል። «ገና በዚህ ዕድሜሽ?» «ኮምፒዩተር ላይ ተጎልተሽ እየዋልሽ ነዋ!» «ብርድ ነው፣ ወገብሽን ሸፈን አድርጊ።» ቋንቋው ቃሉን አዘጋጅቶ ሲያበቃ ለወጣት አላበድርም ይላል። «ሩማቶይድ አርትራይተስ» ብዬ ስናገር ደግሞ የሚስቅ የለም፤ የሚገባውም የለም። አንዱ ቃል ያስቃል፣ ሌላው ያስደነግጣል። ጓደኛዬ የእንግሊዝኛ ጽሑፍ ልትልክልኝ የተገደደችው በሁለቱ መሃል ክፍተት ስላለ ይመስለኛል።

ያንን ክፍተት በደንብ ያየሁት ባለፈው ፋሲካ ነው። ቤተሰብ ተሰብስቧል፣ ዶሮው ቀርቧል፣ ሁላችንም አንድ ትሪ ከበናል። እንጀራ መቁረስ ለእናንተ ምንም አይደለም። አስቡት እስቲ፦ አውራ ጣትና ሁለት ጣት ይቆነጥጣሉ፣ አንጓው ይጠመዘዛል፣ ይቆረሳል፣ ይጠቀለላል፣ ወጥ ያጠቅሳል። በኔ እጅ ያበጡት መገጣጠሚያዎች በሙሉ ለዚህ አንድ ሥራ ይጠራሉ። ያን ቀን አልታዘዝ አሉኝ። ሁለቴ ሞክሬ እንጀራው ከእጄ ወደቀ። ከዚያ ቀስ ብዬ «ማንኪያ ስጡኝ» አልኩ።

ገበታው ዝም አለ። ከዚያ አክስቴ «ምነው፣ ፈረንጅ ሆንሽብን እንዴ?» አለች። ሁሉም ሳቀ። እኔም ሳቅሁ። በክፋት አልነበረም፤ ስለማታውቅ ነው፣ የማታውቀው ደግሞ እኔ ስላልነገርኳት ነው። በሚዘራንዲኖ ጠረጴዛ ማንኪያ ምልክት ነው፤ ሕመምተኛዋ ለጤነኛዋ ሰጥታ ታስተምርበታለች። በኛ ገበታ ማንኪያ መጠየቅ ኑዛዜ ነው። ያ ጽሑፍ ሁሉም ሰው የየራሱ ሰሐን፣ የየራሱ ማንኪያ፣ የየራሱ ሂሳብ ባለበት ጠረጴዛ ላይ የተወለደ መሆኑን ያኔ ነው ያስተዋልኩት። ማንኪያው የግል ነው፤ ወጪውም፣ ጉድለቱም። ጓደኛዋ ታዝናለች፣ እንባ ይይዛታል፣ በየቀኑ እንዴት ትችይዋለሽ ብላ ትጠይቃለች። ግን እስከ መጨረሻው ሰሚ ናት። ከማዘን ሌላ ምንም እንድታደርግ አልተጠየቀችም። የጽሑፉ ትልቁ ጉድለት ለኔ ይሄ ነው።

እኔ ገና ስስቅ እናቴ ጠቅልላ አጎረሰችኝ። ምንም አላለችም። ቀጥላ አጠገቧ ያለውን የአክስቴን ልጅ አጎረሰች፣ ቀጥላ አባቴን፣ ተመልሳ እኔን። ጉርሻ የታማሚ ነገር አይደለም፤ ለሙሽራም፣ ለእንግዳም፣ ለተጣላም ይሰጣል። ስለዚህ መታመሜ በጉርሻው መሃል ጠፋ። እርዳታ የማይመስል እርዳታ ነው። የቱ ሐኪም፣ የቱ መሐንዲስ ነው እንዲህ ያለ ነገር የሚቀርጸው? በማንኪያ ሂሳብ 12 ብቻ ነው ያለሽ፣ ተጨማሪ የለም። በገበታ ግን የሌላ ሰው እጅ ይጨመራል።

እዚህ ጋ ብጨርስ «ባህላችን መፍትሔ ነው» የሚል ጽሑፍ ይሆንልኝ ነበር። ግን ውሸት ይሆናል። ጉርሻ ሲያስጨንቅ ነው የሚያምረው ይባላል፤ ለጤነኛ እውነት ነው። መጠኑን የምወስነው እኔ አይደለሁም፤ እምቢ ማለትም ነውር ነው። እኔ የምወስደው ሜቶትሬክሴት በሳምንት አንድ ቀን ብቻ የሚዋጥ መድኃኒት ነው። በስህተት በየቀኑ ቢወሰድ ሊገድል ይችላል፤ ፎሊክ አሲድም አብሮ ይታዘዛል። ቅዳሜ ማታ እውጠዋለሁ፣ እሁድ ያቅለሸልሸኛል። እሁድ ደግሞ የሠርግና የማኅበር ቀን ነው። «አልቻልኩም» ስል «ትንሽ ብቻ፣ በሞቴ!» ይመጣል። መጠጥ ከመድኃኒቱ ጋር ጉበት ስለሚጎዳ ሐኪሞች አይመክሩትም፤ እኔ ግን «ጾም ይዣለሁ» ብዬ የማመልጥበት ጊዜ አለ፣ ጾም ሳይሆን። በእርግዝና ጊዜም ክልክል ነው፤ «መቼ ነው የምታገቢው፣ መቼ ነው የምትወልጂው» የሚለው ጥያቄ እንደ ጉርሻ ሲመጣ አፌን መዝጋት አልችልም።

ምክሩም እንደዚያው በእጅ ይጎረሳል። ፍል ውሃ ግቢ፣ ጸበል ሂጂ፣ ቅቤ ታሺ፣ እጁ መድኃኒት የሆነ ወጌሻ አለ። ሙቅ ውሃ ግትርነቱን ያላላል፤ እኔም እወደዋለሁ፤ ግን አጥንት የሚበላውን እብጠት አያቆመውም። ያበጠ መገጣጠሚያ በኃይል ሲታሽ ደግሞ ሕመሙ ይብሳል። ሕክምና ሲዘገይ የተበላው አጥንት ተመልሶ አይተካም። በፍቅር የተሰጠ ምክር ወራት ሊያስከፍል ይችላል፤ እኔን አስከፍሎኛል። እነዚያን ወራት ለማዳን «እምቢ» ማለት መቻል ነበረብኝ፤ ያን ቃል የሰጠኝ ደግሞ የማንኪያው ጽሑፍ ነው። ስለዚህ ሂሳቤ እንዲህ ነው፦ ማንኪያ እምቢ የማለት መብት ሰጠኝ፤ ጉርሻ ሳልለምን የመቀበል መብት ሰጠኝ። አንዱ ያለ ሌላው ጎደሎ ነው።

ሌላም የሚሰለቸኝ ዓይነት ታሪክ አለ፤ የጀግና ታሪክ። ዶሮቲ ሆጅኪን እንግሊዛዊት ኬሚስት ነበረች። እ.ኤ.አ. በ1938፣ በ28 ዓመቷ፣ ይኸው የኔ በሽታ በኃይል ያዛት። በ1964 የኖቤል ሽልማት አገኘች፤ በ1969 የኢንሱሊንን ቅርጽ ከባልደረቦቿ ጋር ገለጸች። ታሪኳ ብዙ ጊዜ «ሕመሟን አሸንፋ» ተብሎ ይነገራል። ለሚያመው ሰው ይህ ቃል ምን ይጠቅመዋል? አላሸነፈችውም፤ ጣቶቿ እየተጣመሙ ነው የኖረችው። እኔን የሚነካኝ ሌላ ቁራጭ ነው። ወደ ላቦራቶሪዋ ስትመለስ የኤክስሬይ መሣሪያውን ዋና ማብሪያ በእጇ ማንቀሳቀስ አቃታት፤ ስለዚህ ረጅም መግፊያ ተሠራላት። ስለ ፈቃደ ኃይሏ ገጽ ሙሉ ከሚጻፍ ስለዚያ መግፊያ አንድ አንቀጽ ቢጻፍ እመርጣለሁ። አንድ ሰው ቆሞ «ምን ይቀየር?» ብሎ ጠይቋል፣ ከዚያ ቀይሮታል። ማንኪያው «ስንት ቀረሽ?» ይላል፣ ጉርሻው «እንኪ» ይላል። መግፊያው ግን ጠይቆ ይሰጣል።

ከፋሲካ በኋላ ለእናቴ ሁሉንም ነገርኳት፤ ስሙን፣ መድኃኒቱን፣ ጠዋቱን። በሽታውን የደበቀ መድኃኒት የለውም የሚለውን ተረት ልጅ ሆኜ ያስተማረችኝ እሷ ናት። ዝም ብላ ሰማችኝ፤ ከዚያ «ታዲያ ማንኪያውን ለምን አፈርሽበት?» አለችኝ። በሚቀጥለው ጊዜ ቤተሰብ ሲሰበሰብ ፍትፍት ሠራች፤ ለኔ ብቻ ሳይሆን ለሁሉም። ትሪው ዙሪያ ማንኪያ ደረደረች። የኔን ማንኪያ እጀታ በጨርቅ ጠቅልላ አወፍራዋለች፤ ወፍራም እጀታ ላበጠ ጣት እንደሚቀል ማን እንደነገራት አላውቅም። አክስቴ ማንኪያዋን አንስታ በላች። ፈረንጅ የተባለ የለም።

ለጓደኛዬም መልስ ጻፍኩላት፤ ጽሑፉን ከላከችልኝ ከወራት በኋላ። ስንት ማንኪያ እንዳለኝ አልነገርኳትም። «ጠዋት አልሆንም፣ ከሰዓት ይሻለኛል። ደረጃ የሌለበት ቦታ እንሂድ። ቀኑ ሲደርስ ካቃተኝ እኔ አልሰርዘውም፣ አንቺ ቤት ትመጫለሽ» አልኳት። ቀኑ ደረሰ፤ አቃተኝ። መጣች። ቡና ላፈላ ስል ተቀመጪ አለችኝና ራሷ ገባች። ኩሽና ውስጥ ቆየችብኝ፤ ምን እየሠራሽ ነው ብዬ ብጣራ መልስ የለም። ከሄደች በኋላ ነው የገባኝ። የቡናውን፣ የበርበሬውን፣ የማሩን፣ ያገኘችውን ክዳን ሁሉ ከፍታ፣ ላላ አድርጋ መልሳ ገጥማው ነበር።